የጋሽ ሰይድ አራሶች

የጋሽ ሰይድን መሞት የሰማሁት ከአንድ ሹፌር ቮይስ ነው። ጠዋት ሩዝ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ፣ ከፈትኩት። እንዴት አደርሽ የለ፣ ደህና ነሽ ወይ የለ፣ «የሺ፣ ሰምተሻል? ሰይድ መካኒኩ ኸላስ» አለና አለቀ። ኸላስ! አለቀለት ማለት እኮ ነው። እኔ እንጃ፣ ከሞታቸው ይልቅ መጀመሪያ ያናደደኝ ቃሉ ነው። ሩዙን ከነውሃው ትቼ መልሼ ደወልኩለት።

«ስማ አንተ! የሰው ሞት እንዲህ ነው የሚነገረው? ደግሞ ለእሳቸው ኸላስ ትላለህ?»

«ምን አልኩ ታዲያ?» አለኝ ግራ ገብቶት። እውነቱን ነው። እሱ ሳብያ የመጣው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው፣ ከየት ይወቅ።

ጋሽ ሰይድ ያንን ቃል አይወዱትም ነበር። ሰው መኪናውን በገመድ እያስጎተተ መጥቶ «ሞተሩ ኸላስ» ካላቸው የያዙትን ቁልፍ አስቀምጠው ይቆጣሉ። «ኸላስ አትበል። ደክሟት ነው። አንተ ሲደክምህ አውጥተው ይጥሉሃል?» አረቡም፣ የመኒውም፣ የእኛም ሰው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም።

እኔ አረብ አገር፣ ሳብያ በምትባል ከተማ፣ በአቡ ሃዲ ቤት ነው የምሠራው፤ ቤቱን አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ፣ የታመመች ሚስቱን አነሳለሁ አስተኛለሁ። አቡ ሃዲን ሁላችንም ባባ ነው የምንለው። በአረብኛ አንቱታ ስለሌለ እሱን አንተ ማለት ለምዶብኛል። ጋሽ ሰይድን ግን ተናድጄም እንኳ አንድ ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም፤ የተናደድኩባቸው ቀን ደግሞ ብዙ ነው። ባባ ንብ አርቢ ነው። ከቤቱ ጀርባ ሰፊ ግቢ አለ፣ ሆሽ ይሉታል። ከሆሹ ጫፍ ላይ የባባ ወርሻ ነበር፣ የመኪና መጠገኛው። እዚያ የሚሠሩት ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ምሳቸው የሚወጣው ከእኔ ማድቤት ነበር።

ትውውቃችን የጀመረው በጠብ ነው፣ በሎሚ። የማድቤቱ መስኮት ላይ የማስቀምጠው ሎሚ በየቀኑ ይጎድልብኛል። አንድ ቀን አድፍጬ ብጠብቅ፣ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው መጡና እጃቸውን ሰደድ! ተከትያቸው ብሄድ ሎሚዬን ለሁለት ቆርጠው በሳሙና ዱቄት ነክረው እጃቸውን ያሹበታል።

«ኧረ በስመ አብ! የሎሚው ሌባ እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

ቀና እንኳ አላሉም። «የኔ ልጅ፣ ሎሚ የተፈጠረው ለግራሶ ነው። ሰላጣ ላይ የሚጨምቁት ሥራ የፈቱ ሰዎች ናቸው» አሉኝ። ከዚያ የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ጉለሌ ስላቸው «አይ፣ ለዚህ ነዋ» አሉ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «አንቺ የጉለሌ ልጅ» ሆኖ ቀረ።

እሳቸው የሐይቅ ሰው ናቸው፤ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ነው እጃቸው የተፈታው። እንዴት ወደዚህ አገር እንደገቡ፣ እንዴት ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እንዳወጡ አንዴ ብጠይቃቸው «ስለ ሞተር ጠይቂኝ» አሉኝ። በየመን በኩል በእግር የመጡ ልጆች፣ ወረቀት የሌላቸው፣ ከንፈራቸው የተሰነጣጠቀ፣ ወርሻው በር ላይ ሲቆሙ ግን ምንም አይጠይቋቸውም። ውሃ ይሰጧቸዋል፣ በእኔ ምሳ ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ምግቡ ዛሬ ትንሽ አነሰ» ይላሉ። አያፍሩም እኮ!

ሳብያ ውስጥ ሞተር ሲደክም የሚደረገው የታወቀ ነው። ተሽሊህ የሚሉት ቦታ አለ፣ የተጋጨ መኪና የሚገነጣጠልበት። ከዚያ ሌላ ሞተር ይገዛል፣ አሮጌው ወርዶ ያ ይገባል፣ ማታ መኪናው ይነዳል። ጋሽ ሰይድ ይህን አይወዱም። የመጣውን ሞተር አውርደው፣ ፈታተው፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ እያንዳንዷን ብረት በቤንዚን አጥበው፣ የተበላውን አስተካክለው፣ የሚቀየረውን ቀይረው መልሰው ይገጥሟታል። ሌላው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን እሳቸው ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጁበታል።

«ምን አደከመዎት?» እላቸዋለሁ።

«ከተሽሊህ የምትመጣዋን ማን እንዴት እንደነዳት ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም። ይቺን ግን አውቃታለሁ። ጥፋቷን አይቻለሁ።»

ሥራቸውን ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። ቫልቮላውን በዱላ ጫፍ ይዘው በሁለት መዳፋቸው መሀል ወዲያ ወዲህ ሲያሹት፣ በሚንሿሿው ድምፅ ብቻ መቼ እንደሚበቃ ያውቃሉ። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ረጅሙን ካቻቢቴ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። በዚያን ሰዓት ያናገራቸው ሰው ጉድ ይፈላበታል። እኔ አንዴ «ምሳ ቀረበ» ብዬ ብጮህ ካቻቢቴውን ይዘው ሆሹን ሙሉ አባረውኛል።

የእሳቸው ነገር ግን ከሁሉም የሚለየው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሞተር አድሰው ሲጨርሱ «ተገላገለች» ይላሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሞተሯ አራስ ናት። አራስ ደግሞ አርባ ቀን አላት። በአርባ ቀኗ ጭነት የለም፣ ዳገት የለም፣ ማስጮህ የለም፤ በቀስታ ሄዳ በቀስታ መመለስ ብቻ። ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች አዲስ ናቸው፣ ከቤታቸው ጋር እስኪላመዱ ነው ይሉኛል። መካኒክ ሁሉ «አዲስ ሞተር ላይ ቀስ በል» ይላል አሉ። አርባ ቀን ያስባላቸው ግን የሐይቅ የአራስ ልማድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

መጀመሪያ ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ጋሽ ሰይድ፣ የተወለደው ወንድ ነው ሴት?» አልኳቸው።

«ምን አገባሽ?»

«አይ፣ በእኛ ሴት ከሆነች ክርስትናዋ በሰማንያ ነው። አርባው አይበቃትም ብዬ ነው።»

«ዝም በይ!» አሉኝ ግራና ቀኝ እያዩ። «ይሄን ከሰሙ እነዚህ ባለመኪናዎች አርባውንም ይሰርዙብኛል!»

አራስ ካለች ደግሞ ገንፎ አለ። አዲስ የታደሰች ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ በምትነሳበት ቀን ገንፎ ካልተበላ አይሆንም። እኔም ሳላስበው የሞተር ገንፎ ሠሪ ሆኜ ቀረሁ። ገብስ ስለማይገኝ እዚህ አገር በሚበቅለው ዱኽን፣ በዳጉሳ ቢጤው ነው የምሠራው። መሀሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤ በበርበሬ አፈስበታለሁ፣ በዳር በኩል ለአረቦቹ የባባን ማር። አረቦቹም የራሳቸው ገንፎ ቢጤ፣ ዐሲዳ የሚሉት፣ ስላላቸው አልገረማቸውም፣ እጃቸውን ታጥበው ከበው ይቀመጣሉ። ሥጋ ቢሆን እኔና ጋሽ ሰይድ አንድ ሳህን ላይ አንቀርብም ነበር፣ በገንፎ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ችግሩ ጾም ነው። «አቢይ ጾም ላይ እንዳያስወልዱብኝ፣ የሠራሁትን ሳልቀምስ አልቀርም» ብዬ አስጠነቅቃቸው ነበር። «ሞተር ቀን መርጣ አትደክምም» ይሉኛል፤ ግን አንድ ሁለት ጊዜ እስከ ፋሲካ ያቆዩዋት አለች።

ተበልቶ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ነገር ያደርጋሉ። በመጨረሻው ቅቤ ጣታቸውን ነከር ያደርጉና ሄደው የሞተሯን ክዳን ላይ ያብሳሉ። ብረቱ ሲሞቅ ቅቤው ይሸታል፣ ወርሻው ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላል። አንዴ ከወርሻው አጠገብ ሱቅ ያለው የመኒ «ያ ሰይድ፣ አንተ ሰይድ፣ ይሄ ነገር ሺርክ ነው፣ ከአላህ ሌላ ማምለክ ነው» ብሎ ተቆጣቸው። ጋሽ ሰይድ ዞር ብለው አዩት። «የምን ሺርክ? እጄን ነው የጠረግኩት» አሉት። መጥረጊያ ጨርቃቸው ግን ትከሻቸው ላይ ነበር።

ሁሉም ነገራቸው ያስቃል ማለቴ አይደለም። ዓሊ የሚባል የመኒ ነበር፣ በወኔት፣ የዚህ አገር ሰው ፒካፕን እንዲህ ነው የሚለው፣ ሐብሐብ እየጫነ መንገድ ዳር የሚሸጥ። ሐብሐብ በደረሰበት ሰሞን ሞተሩ ደከመበት። ጋሽ ሰይድ አደሱለት። ከዚያ «አርባ ቀን አትጭንም» አሉት። ሰውየው እዚያው አለቀሰ። «ያ ሰይድ፣ በአርባ ቀን ሐብሐቡ ያልቃል፣ ልጆች አሉኝ» አላቸው። እሳቸው ቁልፉን ሰጥተውት «መኪናው ያንተ ነው። ከጫንክ ግን ሁለተኛ ወደ እኔ እንዳታመጣት» አሉት። ዓሊ ጠበቀ። በሰው መኪና ላይ በተራ እየለመነ ጥቂት ጥቂት ሸጠ፣ ወቅቱ አለፈው። እኔ ያኔ ጨካኝ ናቸው አልኩ። ፊት ለፊታቸውም ነግሬያቸዋለሁ። በዓመቱ ዓሊ ወኔቱን ሐብሐብ እስከ አፉ ሞልቶ መጥቶ ግማሹን ሆሹ ውስጥ አራገፈው፤ ያንን ሁሉ ሐብሐብ የቆረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይሳሳታሉም። የአንድ አስተማሪ መኪና ሞተር ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አይተው «ትይዛለች» ብለው አደሷት። ተነሳች፤ እኔም ገንፎዬን ማገንፋት ጀመርኩ። ለካ እኔ ሳገነፋ እዚያ ማዶ ነጭ ጭስ ወጥቷል፣ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ዘይቱ ወተት መስሏል። ሳላውቅ ገበታውን ይዤ ብሄድ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «መልሺው። ለሞተ ገንፎ አይበላም» አሉኝ። ለአስተማሪው ሰው ሁሉ እየሰማ «ተሳስቻለሁ» አሉት፤ ራሳቸው ተሽሊህ ሄደው ሌላ ሞተር አምጥተው ገጠሙለት። ያን ሰሞን ሎሚዬን እንኳ አልሰረቁም። መስኮቱ ላይ ሎሚው ደርቆ ሳየው አንጀቴን በላኝ።

የባባ ወኔት ተራ የደረሰው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያቺ ወኔት የባባ እግር ናት። ቀፎዎቹን ጭኖ ወደ ሀሩብ ተራራ የሚወጣው፣ ከዚያም የሚያወርደው በእሷ ነው። ሰማያዊ ጭስ ታወጣ ጀመር፤ ዘይት ትጠጣለች፣ ዳገት ስታይ ትቆማለች። ልጁ ሃዲ «አባቴ፣ ሌላ ሞተር እናስገባባት» አለ። ባባ ወደ ጋሽ ሰይድ ተመለከተ። ጋሽ ሰይድ «ደክሟት ነው» አሉ። ባባ ኮፈኑን ዘግቶ ቁልፉን ሰጣቸው።

ሃዲን ክፉ ሰው አድርጌ ላወራ አልፈልግም። ነጋዴ ነው፤ አባቱ ሲያረጅ ሥራው ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ ወድቋል፣ ከፊልነት የሚሉት፣ የሁላችን የመኖሪያ ወረቀት ኃላፊነትም፣ ወደ እሱ ዞሯል። ወርሻው አያዋጣም፣ ቦታውን ለመጋዘን ቢያከራየው ይሻለዋል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ሰይድም ያውቃሉ። ወርሻው ከተዘጋ እሳቸው የሚኖሩበት ምክንያት የለም፣ ወደ አገር ነው። አገር ደግሞ ሐያት አለች፣ ደሴ ነርስነት የምትማረው ልጃቸው። የሚያስተምሯት በዚህ ወርሻ ነው። ያኔ ገና አልጨረሰችም ነበር።

የባባ ወኔት ተገላገለች፣ ገንፎዋ ተበላ፣ ቅቤዋ ሸተተ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላት ከሀሩብ ስልክ ተደወለ፤ ሲድሩ አብቧል። የሲድር ዛፍ አበባ የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ቀፎው በጊዜው ካልደረሰ የዓመቱ ማር የለም። ሃዲ ወርሻው ውስጥ ገባ፣ እኔ በሩ ላይ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ያ ሰይድ፣ ዛሬ ፀሐይ ስትገባ ቀፎ እንጭናለን። ወኔቷ ዝግጁ ናት አይደል?»

«ለገበያ ዝግጁ ናት። ለተራራ አርባዋ አልወጣም።»

ሃዲ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እንደማይቀልዱ ሲገባው ተቀመጠ፤ ድምፁን ሳያነሳ ነው ያናገራቸው። «ስማኝ። የተሽሊህ ሞተር አስገብቼ ቢሆን ዛሬ ትወጣ ነበር። አባቴ ስለሚወድህ ዝም አልኩ። አሁን ይቺ መኪና ቀፎውን ካወጣች ወርሻው ይቀጥላል፣ አንተም ትቀመጣለህ። ካላወጣች ግን የወርሻው ጥቅም ምንድነው? አንተው ንገረኝ።»

ጋሽ ሰይድ የያዙትን ቁልፍ አስቀመጡ። ወደ ወኔቷ ሄዱ፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ ከሞተሯ ላይ አውራ ጣት የምታክል አንዲት ቁራጭ ነቀሉ። ያለ እሷ እሳት ወደ ካንዴላው አይደርስም፣ መኪናዋም አትነሳም። ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት።

«እኔን ከአገርህ ልታስወጣኝ ትችላለህ» አሉት። «እሷን ግን ከአራስ ቤት አታስወጣትም።»

ሃዲ ሲወጣ ሳህኔን ወርውሬ ገባሁባቸው። «ጋሽ ሰይድ፣ አብደዋል? ለብረት ብለው? ሐያትስ?»

«አትጩሂ።»

«እጮኻለሁ! አንዴ ብትወጣ ምን ትሆናለች?»

«ምንም ላትሆን ትችላለች» አሉ።

«ታዲያ!»

«ዓሊን ታስታውሽዋለሽ? ሐብሐቡ እያለፈበት፣ ልጆቹ እየራባቸው፣ አርባ ቀን አስጠብቄዋለሁ። እያለቀሰ ጠበቀ። በኔ ሲመጣ ልሽረው? ነገ ዓሊን በየት ዓይኔ አየዋለሁ?»

የዓሊ ነገር ገብቶኛል። ግን አልተዋጠልኝም። ሐያትን በስልክ አውቃታለሁ፣ ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ ነው። ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ በእሳቸውም ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በባባ ተናደድኩ። ባባ ሆሹ ውስጥ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ሰምቷል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቀፎዎቹን በኪራይ መኪና አወጧቸው። ለአበባውም በጊዜ ደረሱ። ሃዲም ቃሉን አላጠፈም፤ የመጨረሻ መውጫ ወረቀታቸውን አወጣ።

የሚሄዱ ቀን ወረቀቱን ሲሰጣቸው ሃዲ ራሱ አዝኗል። «ኸላስ ያ ሰይድ፣ አትቀየመኝ» አላቸው። እኔ አሁን ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። «ኸላስ» አሉ እሳቸውም በቀስታ። ከአፋቸው ያንን ቃል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱና ያቺን ቁራጭ አወጡ። ለሃዲ አልሰጧትም፤ ወደ ምንጣፉ ሄደው ጎንበስ ብለው ባባ መዳፍ ላይ አስቀመጧት። «ገና ናት» አሉት። ባባ ጣቶቹን ጨበጠ። እኔ መንገድ ላይ የሚበሉትን ቋጥሬ ነበር፤ ከላዩ ሎሚ ጨመርኩበት፤ ሲያዩት ሳቁ፣ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። በማግስቱ ባባ ያቺን ቁራጭ ራሱ ገጠማት። ወኔቷን አስነስቶ በቀስታ፣ ከእግረኛ ትንሽ ፈጠን ብሎ ወደ ገበያ ሄደ፤ በቀስታ ተመለሰ። በማግስቱም፣ በማግስቱም። የማክሰኞ ገበያ ቀን መንገዱ በመኪና ጢም ብሎ ከኋላው ሁሉም ጥሩንባውን ይነፋበታል፤ እሱ ግራ ቀኝ አያይም። ሃዲ «አባቴ፣ ሰው እየሳቀብን ነው» አለው። ባባ «አራስ ናት» አለው፤ ያውም «አራስ» የሚለውን በእኛው በአማርኛ። ከጋሽ ሰይድ ሲሰማ ኖሮ ይዞታል። ያኔ ትንሽ ቂሜ ለቀቀኝ። አርባውን እንዲህ አድርጎ ጨረሰ፤ ጨርሶም ሦስት ቀን ጨመረባት፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ሲድሩ አልቆ ቀፎ የሚወርድበት ጊዜ ደረሰና ባባ ወደ ሀሩብ ወጣ። ሚስቱ ቀዝቃዛ አየር ፈልጋ ስለነበር እኔና እሷም አብረን ነበርን። ያንን ዳገት የወጣ ያውቀዋል፤ አንዱን ጥምዝ ሳትጨርሺ ሌላው ይመጣል፣ ከታች ገደል ነው። እኔ ማርያምን ስጠራ ነበር የወጣሁት። ዞሬ ዞሬ የማየው ግን ገደሉን አይደለም፤ ጭሱን ነው። ጭስ የለም። ቀፎ ጭነን ስንመለስ ሌላ ዳገት አለ፤ እሱም ላይ የለም። ባባ ዳገቱ መሀል ላይ መኪናውን አቆመ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ኮፈኑን ከፍቶ ስልኬን በእጁ ጠቆመኝ። ገባኝ። ቆማም፣ ተነስታ ዳገቱን ስትጨርስም ድምፅዋን ቀድቼ ወደ ሐይቅ ላክሁት።

ጋሽ ሰይድ ያኔ ሐይቅ መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ አጠገብ ተቀምጠው የሰው ሥራ ሲተቹ ነው የሚውሉት። ሐያት ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ እየሠራች፣ በኋላ አንድ ዓመት ዘግይታ ጨርሳለች። መልሳቸው ሳይቆይ መጣ። «ድገሚና ላኪልኝ» አሉ። ደግሜ ላክሁ። «ዳገት ላይ ነው?» «ዳገት ላይ።» «ተጭናለች?» «ተጭናለች።» ትንሽ ቆይቶ ሌላ ቮይስ መጣ። «ለባባ ንገሪው፣ ማርሽ ሲቀይር ይቸኩላል፣ ይሰማኛል።» ነገርኩት። ባባ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ሚስቱ መኪና ውስጥ ሆና «ምን ሆነ ሰውየው?» ትለኝ ነበር።

ባባ እንዲመለሱ ፈልጎ ነበር። ሃዲም ራሱ ቪዛ ላውጣላቸው ብሎ ነበር። እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት። «ደክሞኛል፣ የጉለሌዋ» አሉኝ በስልክ፤ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ደረታቸው ነው አሉ። ሹፌሩን ከተቆጣሁ በኋላ ለሐያት ደወልኩ። «አባዬ ደከመው፣ ከዚያ ተኛ» አለችኝ። እሷ በትክክል ነው የነገረችኝ። አብረን አለቀስን።

እንባዬን ጠርጌ ወደ ሆሹ ወጣሁ። ባባ ምንጣፉ ላይ ነው። አሁን በጣም አርጅቷል፣ መኪና መንዳት ትቷል፤ ወኔቷን የሚነዳት ሃዲ ነው። ነገርኩት። «ኢናሊላህ» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ገንፎ ሥሪ» አለኝ።

«ባባ፣ እሳቸው ለሞተ ገንፎ አይበላም ይሉ ነበር» አልኩት።

«ሥሪ» አለኝ።

ሠራሁ። ዱኽኑን አገነፋሁ፣ እንባዬ እየገባበት፣ ይግባበት። መሀሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤውን አፈሰስኩ፣ በዳር ማሩን። ይዤ ስወጣ ሃዲ መጥቶ አባቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ነግሮታል መሰለኝ ፊቱ ቀልቷል። ሦስታችንም በላን። ባባ ሲጨርስ ክንዱን ለሃዲ ሰጠው፣ ሃዲ አነሳው። እየተደገፈ ወደ ወኔቷ ሄደና ክፈት አለው። ሃዲ ኮፈኑን ከፈተ፣ አስነሳት። በአንድ ጊዜ ተነሳች።

ባባ ተመልሶ ወደ እኔ መጣ፣ ገበታው ላይ የቀረውን ቅቤ በጣቱ ነከረ፣ እንደገና ሄዶ የሞተሯ ክዳን ላይ አበሰው።

«አባቴ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አለው ሃዲ።

«ምንም» አለ ባባ። «እጄን ነው የጠረግኩት።»